ቡዳን ፋንታሲ ውስጥ እንዴት ላስገባው?

ሰላም፣ በጎንደር ነገስታት ዘመን የሚካሄድ ፋንታሲ ልቦለድ እየፃፍኩ ነው። ዋናዋ ገፀባህሪ የቀጥቃጭ ልጅ ናት፣ ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች። ያው እንደምታውቁት ጅቡ ማታ በጦር ከተወጋ ጠዋት ሰውየው እዛው ቦታ ላይ ቆስሎ ይገኛል ይባላል፣ ይሄ ነገር ለልቦለድ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ክታብ ፃፊው ደብተራም አለ፣ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ አሳ በመረብ የሚያጠምድበትን መርበብተ ሰሎሞን የሚባለውን የአስማት ጸሎት ይዞ እሷን ለማጥመድ የሚያሳድዳት እሱ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሄዶልኛል።

ችግሩ ቡዳ እንደ ዘንዶ ማንንም የማይነካ ተረት አይደለም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሰሪው፣ ቤተ እስራኤሉ በዚሁ ስም ሲገለል ኖሯል፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው እስከማወጅ ደርሰዋል። ረቂቁን ያነበበች ከሸክላ ሰሪ ቤተሰብ የመጣች ጓደኛዬ «እና ወሬው እውነት ነበር ልትል ነው?» አለችኝ፣ መልስ አጣሁ።

ክሱን ውሸት አድርጌ ሞከርኩት፣ አስማቱ ጠፍቶ ተራ የታሪክ ልቦለድ ሆነ። ስሙን ቀይሬ የፈጠራ ህዝብ ሳደርገው ደግሞ ታሪኩ ጣዕሙን አጣ። ከሳሾቹንም ጅብ ላድርጋቸው ብዬ ነበር ግን ስብከት ስብከት ሸተተኝ።

ልጅቷ የእውነት ጅብ እንደሆነች እንድትቀጥል እፈልጋለሁ፣ ታዲያ ከሙያዋም ከዘሯም ያልመጣ ግን አንባቢ የሚያምነው የሀይል ምንጭ ከየት ላምጣላት?