ትራክተሬ ግማሽ ሰዓት አርሶ ይጠፋል፤ ናፍጣው ውስጥ ውኃና ዝገት አገኘሁ

ባለትራክተሩ ከኢተያ

ሰላም ወገኖች። አርሲ፣ ኢተያ ነኝ። አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 385 አለን፤ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ነው። የራሳችንን እናርሳለን፣ ለጎረቤትም በሄክታር እያስከፈልን እንሠራለን።

ጠዋት ሲነሣ ምንም አይልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ያርሳል። ከዚያ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድብን ይላል። አሥር ደቂቃ ካረፈ እንደገና ይነሣል። በዚህ ሳምንት ብቻ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ከፊልትሮው ሥር ያለችው ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አለ፤ ከሥሩ ዝገትና የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ነገር። ደፍቼ መለስኳት። በማግሥቱ ግማሽ ድረስ ሞልታ ጠበቀችኝ።

የሰፈሩ መካኒክ «ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) አልቆለታል፣ ይውረድ» አለ። ወንድሜ ዋጋውን ሲሰማ ትራክተሩን እንሽጠው ብሎ ተነሣ። ሐምሌ ገብቷል፣ ስንዴው አልተዘራም። ናፍጣ የምንቀዳው ከማደያ ነው፤ ሰልፍ ሲበዛ ግን መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት እንገዛለን። ግቢ ውስጥ በርሜል አለን። ሳልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን) ሳላወርድ ማጠብ ይቻላል?

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ፖምፓውን ለጊዜው ተወው። ውኃና ዝገት በዓይንህ እያየህ ፖምፓ ማውረድ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። ግን አትዘግይ። ያ ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፣ የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው። ውኃ ከገባበት ይዝጋል፣ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ይሆናል።

አርፎ የሚነሣበት ምክንያት ይታየኛል። ሞተሩ ሲስብ ቆሻሻው ሄዶ የመውጫውን አፍ ይደፍናል። ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻው ይወድቃል። ሌላም አለ። ሲጠፋብህ የሳልባትዮውን ክዳን ቶሎ ክፈትና አዳምጥ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይህ ምንም ብር አያስወጣህም፣ ከእሱ ጀምር።

ሳታወርድ ውኃውን መቀነስ ይቻላል፣ ዝገቱን ግን አታወጣውም። ማታ ሜዳ ላይ አቁመው፣ እስከ ጠዋት አትንካው። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ይዘቅጣል። ጠዋት ሳታስነሣ ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትተህ በሚያሳይ ዕቃ ተቀበል። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃው ነው፤ ቀጥሎ ጥቁሩ አተላ። ያ አተላ ውኃና ናፍጣ የሚገናኙበት ላይ የሚራባ ተሕዋስ ነው፤ ውኃ ከሌለ አይኖርም።

ከዚያ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ኮፈኑን አንሣ፣ ሳልባትዮውን አውርድ። አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍጣና አንድ ክንድ ቀጭን ሰንሰለት ጨምርበት፣ ከወንድምህ ጋር ሆናችሁ አንገላቱት። ድፋ፣ ድገም፣ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወጣ። ሰንሰለቱን ማውጣት እንዳትረሳ፤ የረሳ ሰው አውቃለሁ።

ሾፌር ነኝ

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? አንድ ሊትር ቤንዚን ጨምርበት፣ ጠርጎት ይሄዳል።

የድሮ መካኒክ

አይጠርግም፤ ፖምፓውንም ያደርቅብሃል። በውኃና በሳሙናም አትጠቡት፣ ልታወጡት የደከማችሁበትን መልሳችሁ ማስገባት ነው። ቀዳዳ ካለው ደግሞ ወደ በያጅ እንዳትወስደው። ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ የቀረ ጋዝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

ስትገጥመው አየሩን በቅደም ተከተል አስወጣ። አዲስ ፊልትሮ ግጠም፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹን (ከቡሎኑ ሥር ያሉትን ቀለበቶች) ቀይር። በእጅ የምትጫነዋን ማንሻ እየተጫንክ የፊልትሮውን ራስ ቡሎን አላላ። አረፋው ሲያቆም አጥብቅ። ቀጥሎ የፖምፓው። በመጨረሻ ከኖዝሎቹ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ከሚረጩት) የሁለቱን የቧንቧ ነት አላልተህ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አዙር። ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፤ አሳርፈው።

የመተማው

ጋሼ ሁሉን ብለውታል። እኔ የምጨምረው ስለ በርሜሉ ነው። አቁማችሁት ነው አይደል? ዝናቡ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል። ቀን በርሜሉ ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይስባል፤ በቡሹ (በመቅጃው ውታፍ) ዙሪያ የተኛውን ውኃ ይዞ ይገባል። እኔ ሰሊጥ ላይ ሁለት ክረምት ተሠቃይቼ ነው የደረስኩበት። አጋድሙት፣ ሁለቱ ቡሾች ግራና ቀኝ እኩል ይሁኑ፣ ጥላ ሥር ይሁን። ከሞላችሁት በኋላ አንድ ቀን ይርጋ። የታችኛውን አንድ ስንዝር አትቅዱ። ሳልባትዮውን ማታ ከሥራ ስትገቡ ሙሉት። ጎዶሎ ካደረ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግድግዳው ላይ ላብ ያወጣል፣ ላቡም ይወርዳል፤ እናንተ ጋ ደግሞ ብርዱ ከእኛ ይብሳል።

ማጥለያም አይጥፋ። እኔ የእናቴን ነጠላ ቀድጄ ነበር። እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

ባለትራክተሩ ከኢተያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ክዳኑን ስከፍት ምንም ድምፅ የለም። ትናንት አወረድነው። መጀመሪያ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወጣ። ሰንሰለቱ ሥራ ሠራ፣ የሦስተኛው እጥበት ብቻ ነው የጠራው። ጉዱ ግን ሌላ ነው፦ ሁለት ቁራጭ ፌስታል! ጀሪካን ሻጮቹ እንዳይፈስ ክዳኑ ሥር የሚያደርጓት ሰማያዊ ፌስታል፣ ተቀዳ ሲባል አብራ ገብታለች። አንዷ መውጫው አፍ ላይ ተለጥፋ አገኘናት።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰዓት አረሰ፣ አልጠፋም። ወንድሜ ስለ ሽያጭ ማውራት አቁሟል፤ በርሜሉን ያጋደመው ራሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ያጠብንበትን 15 ሊትር ናፍጣ ምን ላድርገው? ቦይ ውስጥ ልደፋው ስል ሚስቴ ጮኸችብኝ።

የድሮ መካኒክ

ልክ ናት። ክዳን ባለው ጀሪካን ሦስት ቀን አስቀምጠው፣ ላይ ላዩን ቅዳ። ቡሎንና ማረሻ ታጥብበታለህ፤ ወደ ሳልባትዮው ግን አይመለስም። ፊልትሮውን ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ አንዴ ቀይረው፣ የቀረ ዝገት ይኖራል። ብርጭቆዋን በየጠዋቱ እያት።