ሳንቲሙን ሳስተካክል ቅደም ተከተሉ ይበላሽብኛል

ሰላም ለሁላችሁ። በማይኤስኪውኤል (MySQL፣ የመረጃ ቋት ፕሮግራም) የአንድ ሱቅ የሽያጭ ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው። የዋጋው ዓምድ ዓይነት ደብል ነው፤ ማለትም DOUBLE፣ የነጥብ ቁጥርን በግምት የሚይዝ ዓይነት (እኔ አልሠራሁትም፤ ከሌላ ሰው የተረከብኩት ነው)። በራውንድ (ROUND) ትዕዛዝ ከነጥብ በኋላ ወደ 2 አሃዝ ሳጠጋጋው 1250.50 መባል ያለበት 1250.5 ሆኖ ይወጣል። ባለሱቁም «50 ሳንቲሙ እንዴት 5 ሆነ?» እያለ ያፋጥጠኛል። በፎርማት (FORMAT) ትዕዛዝ ስሞክረው 1,250.50 ብሎ አሳምሮ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ውጤቱ ጽሑፍ ስለሚሆን ከትልቅ ወደ ትንሽ ስደረድረው 980.00 ከ1,250.50 በላይ ቁጭ ይላል። ዓምዱን ወደ ዴሲማል (DECIMAL፣ ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ብዛት የተወሰነ የቁጥር ዓይነት) ልለውጠው አስቤ ነበር፤ የ3 ዓመት ሒሳብ ስላለበት እጄ አልደፈረም። ዓምዱን ሳልነካ፣ መረጃውን በማወጣበት መጠይቅ (query) ላይ ብቻ ሁለቱ የሳንቲም አሃዞች እንዲታዩ፣ አደራደሩም በቁጥርነቱ እንዲሆን ምን ብዬ ልጻፍ? እባካችሁ፣ ሪፖርቱን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።