የሕፃናት ማቆያዎችን በጥንቃቄ መልሶ ስለመክፈት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2013

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአብዛኞቻችን ማቆያዎችም አብረው ተዘግተዋል። አሁን ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 9 ጀምሮ በየደረጃው መከፈት ስለጀመሩ፣ እኛም ለሚመለከታቸው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቢሮዎች የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እስከ ወሩ መጨረሻ አጠናቀን ልንፈርምበት ይገባል። ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው አሠራር ጭምብል ማድረግ ለሚችል፣ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥና ሲነገረው ለሚሰማ ልጅ የታሰበ ስለሆነ እንዳለ ልንወስደው አንችልም። የእኛ ልጆች ይታቀፋሉ፣ በእጅ ይጎርሳሉ፣ ዳይፐር ይቀየርላቸዋል፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይከታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ ወር ባወጡት ምክር መሠረትም ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ጭምብል እንዲያደርጉ አይገደዱም። ስለዚህ ልጁ ራሱ ሊያደርገው የማይችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አዋቂዎቹና የቤቱ አሠራር ሊሸከሙት ግድ ነው።

በእጃችሁ ያለው የመጀመሪያ ረቂቅ በር ላይ ሙቀት መለካትን፣ እጅ መታጠብን፣ ፀረ ተዋሕስያን መርጨትንና የልጆችን ቁጥር በግማሽ መቀነስን ይዟል። በእኔ እምነት ገና ብዙ ይጎድለዋል። እባካችሁ አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

የማቆያ ባለቤት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 12

ክቡር ሰብሳቢ፣ «በግማሽ መቀነስ» የሚለው አንቀጽ እንዲለወጥ እጠይቃለሁ። ሃያ ልጆች የነበሩት ቤት አሥር ብቻ ተቀብሎ ሞግዚቶቹ ግን ሁሉንም ልጆች እየተፈራረቁ የሚይዙ ከሆነ፣ አንዲት ሞግዚት በታመመች ዕለት አሥሩም ልጆች፣ አሥሩም ቤተሰቦችና የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ተነክተዋል ማለት ነው። በአንጻሩ አሥራ አምስት ልጆች በሦስት ቋሚ ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሞግዚት፣ የራሱ ክፍልና የራሱ መጫወቻ ቢኖረው፣ ችግር ሲደርስ የሚነካው አንድ ቡድን ብቻ ይሆናል። ልጆቹ በቁጥር ቢበዙም ቤቱ ከአደጋው የተሻለ የተጠበቀ ነው። ዴንማርክ ሚያዝያ 7 ቀን 2012 ማቆያዎቿንና የታችኛ ክፍል ትምህርቶችን ከአውሮፓ አገሮች ቀድማ ስትከፍት የተከተለችው መንገድ ይህንኑ ይመስላል፤ ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ እንዲውሉ ተደርጓል። እኛ ደግሞ ከፊታችን ያለው በጋ ነው፤ ግቢ ያለው ሁሉ ግቢውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ስለዚህ የሐሳባችን ዋና አንቀጽ ቋሚ ቡድን እንዲሆንና ሌላው ሁሉ ከእሱ እንዲቀዳ እጠይቃለሁ።

ሲስተር (በጤና ባለሙያነት የምታገለግል አባል)፣ ጥቅምት 13

የቦሌውን ወንድማችንን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በረቂቁ ላይ ግን መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መርጨት የሚለው ቃል ይውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት ወር በግልጽ እንዳሳሰበው ሰውን በፀረ ተዋሕስያን መርጨት በምንም ሁኔታ አይመከርም፤ ዓይንን፣ ቆዳንና መተንፈሻ አካልን ይጎዳል እንጂ በታመመ ሰው አፍና አፍንጫ የሚወጣውን ቫይረስ አያቆምም። ሕፃን ልጅን በር ላይ አቁሞ መርጨት ወላጅን ያረጋጋ ይሆናል፤ እኔ ግን ጉዳት ያለው ማስመሰል ነው እላለሁ። ለወለል፣ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ መጀመሪያ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በተበጠበጠ በረኪና መወልወል ይበቃል። በረኪናው 5 በመቶ የክሎሪን መጠን ያለው ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውኃ ይደባለቃል፤ ድብልቁ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ ልጆች በማይደርሱበት ተቆልፎበት ይቀመጣል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ በስም ተጠቅሶ እንዲከለከል እፈልጋለሁ፤ ከኮቪድ እንጠብቀዋለን ያልነው ልጅ በረኪና ጠጥቶ ሆስፒታል እንዲገባ አንፈቅድም። ሳኒታይዘርም እንዲሁ ለአዋቂዎች ብቻ ይሁን፤ ለልጆች ሳሙናና ውኃ ይበልጣል።

ሙቀት መለኪያውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ቫይረሱ ያለበት ሰው ትኩሳት ላይኖረው ስለሚችል መለኪያው ብቻውን በቂ ዋስትና አይሆንም። የበለጠ የሚጠቅመው በየጠዋቱ ወላጁን መጠየቅ ነው፤ ልጁ ሌሊት አስሎታል ወይ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረው ወይ፣ ከቤተሰቡ የታመመ ወይም ምርመራ ሰጥቶ ውጤት የሚጠባበቅ ሰው አለ ወይ። ይህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ግን ወላጁ «አለ» ብሎ በመመለሱ ካልተቀጣ ብቻ ነው። ወደ ገንዘቡ ጉዳይ የሚወስደን ይህ ስለሆነ ለሌሎች አባላት እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስንከፍት የምንጠብቀው ኮቪድን ብቻ እንዳይሆን። ባለፉት ወራት ጤና ጣቢያ መሄድ ፈርተው የልጆቻቸውን ክትባት ያቋረጡ ወላጆች እንዳሉ በሥራዬ አያለሁ። ኩፍኝ በአየር የሚተላለፍና ለሕፃናት ከኮቪድ ይልቅ አስጊ የሆነ በሽታ ነው፤ የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ልጆችን መልሰን ስንመዘግብ የክትባት ካርዳቸውን እንይ፤ ያመለጠውን ግን አንመልሰው፣ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ እንላከውና ወላጁ ሲያስከትበው ይቀጥል።

የማቆያ ኃላፊ፣ ኮልፌ፣ ጥቅምት 13

በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በረቂቁ ላይ «እጅ ዘወትር ይታጠባል» ብለን ጽፈን ውኃው በሌለበት ቀን ምን እንደምናደርግ ካልጻፍን፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ዕለት በራሳችን ጽሑፍ እንከሰሳለን። እያንዳንዱ ማቆያ ውኃ ቢጠፋ የሚያቆየው ሮቶ ወይም በቂ ጀሪካን እንዲኖረው፣ የመታጠቢያው ቧንቧም በየቡድኑ ክፍል በር አጠገብ እንዲሆን ይጻፍ፤ ቧንቧ ያለው ባልዲ ቢሆንም ያገለግላል። ከተማ አስተዳደሩ ደግሞ ለማቆያዎች በቦቴ የሚመጣ ውኃ ላይ ቅድሚያ እንዲሰጠን እንጠይቅ።

ሌላው አየር ነው። መስኮት ይከፈት ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሞግዚቶቻችንም አያቶቹም ሕፃንን ብርድ ይመታዋል ብለው አጥብቀው ይፈራሉ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድም እውነተኛ ነው። በእኔ ቤት ትእዛዝ ሰጥቼ ዘወር ስል መስኮቱ ተዘግቶ አገኘዋለሁ፤ ክፋት ሳይሆን ለልጁ ከማሰብ የመጣ ስለሆነም በቁጣ አይፈታም። የሠራልን መላ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ክፍሉን በደንብ ማናፈስ፣ ቁርስና ምሳ በግቢ ማብላት፣ በተኙ ሰዓት ደግሞ ከልጆቹ ራቅ ያለውን የላይኛውን መስኮት ብቻ ከፍቶ ብርድ ልብስ መደረብ ነው። ሲስተር ይህን በባለሙያ ቃል ለሞግዚቶቹ ብታስረዳልን ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል።

የሞግዚቶች ተወካይ፣ ጥቅምት 14

እስካሁን ስለ ልጆቹና ስለ ክፍሎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እኛ ግን ጥቂት ነው። ልጆቹን ቀኑን ሙሉ የምንይዘው እኛ ነን፤ በሽታውንም ከውጭ ይዘን የመግባት ዕድላችን ከሁሉ የሰፋ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ታክሲዎች በግማሽ ጭነው በእጥፍ ሒሳብ ሲሠሩ ነበር፤ አሁን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግፊያው እንደ ድሮው እየሆነ ነው። የመግቢያ ሰዓታችን ከግፊያው በፊት ወይም በኋላ እንዲሆን ይደረግልን።

ዋናው ጥያቄ ግን ስንታመም የሚሆነው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይሁንና ብዙዎቻችን የጽሑፍ ውል እንኳ የለንም። ደግሞም በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር ተገናኝታ 14 ቀን ራሷን ለይታ እንድትቆይ የተነገራት ሞግዚት ገና ስላልታመመች የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አትችልም። የወር ደመወዟ የቤት ኪራይዋ የሆነ ሴት ጉሮሮዋን ሲከረክራት ተናግራ ደመወዟን ትጣ ወይስ ዝም ብላ ትግባ ብትባል ምን ትመርጣለች? በሐሳቡ ላይ ራስን ለይቶ የመቆያ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ እንዳለውና ከዓመት ፈቃድ እንደማይቀነስ ካልተጻፈ፣ ስለ ቋሚ ቡድን የተጻፈው ሁሉ በወረቀት ይቀራል።

በበኩላችን ልናስተካክለው የሚገባ ነገርም እንዳለ ለአባሎቼ ተናግሬያለሁ። ልጆች ሲተኙ ከየክፍሉ ተሰባስበን ቡና የምንጠጣበት ልማድ አለን። ጭምብል አውልቀን፣ ተጠጋግተን፣ በጠባብ ማድ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የተለያየነውን ቡድን በዚያች ሰዓት አንድ እናደርገዋለን። ቡናው ይቅር አልልም፤ በግቢ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀን ይሁን።

የወላጆች ተወካይ፣ ጥቅምት 15

ከሁሉ አስቀድሞ መስማማት ያለብን ማን ቀድሞ ይግባ በሚለው ላይ ይመስለኛል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ እናት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኗ ሦስት ወር ገደማው ነው። ማቆያዎች በተዘጉበት ጊዜ እነዚህ ሕፃናት በታላቅ እህታቸው እጅ ነበሩ፤ ያቺ እህት ግን አሁን ራሷ ወደ ትምህርት ቤት ተጠርታለች። ካልከፈትን ትምህርቷን የምታቋርጠው እሷ ናት። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መንግሥት ራሱ ያመነበትን ፍላጎት ነው የምንጠይቀው ብለን በመግቢያው ላይ መጥቀስ እንችላለን። ቅድሚያውም ለጤና ባለሙያዎች፣ ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉና ልጃቸውን የሚተዉለት ሰው ለሌላቸው ወላጆች ይሁን።

የሞግዚቶች ተወካይ ያነሱትን በወላጅ በኩል እደግመዋለሁ። ልጄ አስሎታል ብዬ ባስቀረው የዚያን ወር ሙሉ ክፍያ የምጠየቅ ከሆነ፣ ሽሮፕ አጠጥቶ የሚያመጣው ይበዛል። ያልዋለበት ቀን ከሚቀጥለው ወር ይታሰብ። ልጅን ስናመጣና ስንወስድ በር ላይ እንድንቆም፣ በየቡድኑ ሰዓት እንዲለይልንም እንስማማለን። በእኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ሕፃን ሲያይ ጉንጩን መሳም ይፈልጋል፤ ይህም በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

ገንዘብ ያዥ፣ ጥቅምት 16

ሁለቱንም ጥያቄዎች በመርህ እቀበላለሁ፤ ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለውን ግን በግልጽ ልናነሣ ይገባል። ሃያ ልጅ የነበረው ቤት በአሥራ አምስት ሲሠራ ገቢው በሩብ ይቀንሳል፤ የሞግዚቶቹ ቁጥር ግን አይቀንስም፣ በሦስት ቡድን ምክንያት እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ሳሙናው፣ ጭምብሉና ውኃው ተጨማሪ ነው። ሙሉውን በወላጅ ላይ ብንጭነው ቅድሚያ ይግቡ ያልናቸው እናቶች ናቸው ቀድመው የሚወጡት። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከልክሎ ነበር፤ የአዋጁ ጊዜ ስላበቃ ያ ከለላ የለንም። ስለዚህ ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው ገንዘብ ባይሆን እንኳ በእጁ ያለውን ይሁን፦ የፈቃድ እድሳት ክፍያ ለአንድ ዓመት እንዲቀርልን፣ የሳሙናና የጭምብል አቅርቦት እንዲደረግልን፣ ግቢ ለሌላቸው ቤቶች ደግሞ በአቅራቢያቸው ያለ የወጣት ማዕከል ወይም የቀበሌ ሜዳ በተወሰነ ሰዓት እንዲፈቀድላቸው።

ራስን ለይቶ ለመቆየት የሚከፈለውን ደመወዝ በተመለከተ፣ አንድ ቤት ብቻውን ሁለት ሞግዚት በአንድ ጊዜ ቢለዩበት አይችልም። እያንዳንዱ አባል ማቆያ በየወሩ በሞግዚቶቹ ቁጥር ልክ የሚያዋጣበት የማኅበሩ መጠባበቂያ ሣጥን ብናቋቁም እንደ እድር ይሠራል፤ ችግሩ የደረሰበት ቤት ከዚያ ይወስዳል።

የማቆያ ባለቤት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 16

የመጠባበቂያ ሣጥኑን እደግፋለሁ። አንድ ያልተፈታ ነገር ግን አለ። ሞግዚቷ ለምሳ ወይም ለመጸዳጃ ስትወጣ ማን ይተካታል? ከሌላ ቡድን የምትመጣ ከሆነ አጥሩን ራሳችን አፈረስነው። እኔ ባሰብኩት መንገድ ተተኪዋ የማቆያው ኃላፊ ብቻ ትሆናለች፤ ጭምብሏን ሳታወልቅ፣ እጇን ታጥባ፣ የቡድኑን ሽርጥ ለብሳ፣ ልጆቹን ሳታበላ ለአጭር ጊዜ ትቆያለች፤ በስንት ሰዓት በየትኛው ክፍል እንደነበረችም በመዝገብ ይሰፍራል።

ሲስተር፣ ጥቅምት 17

ይህ የሚያስኬድ ነው፤ መዝገቡ በተለይ ወሳኝ ነው፤ አንድ ሰው ተይዞ ሲገኝ ማን ከማን ጋር እንደዋለ የምናውቀው ከእሱ ነው። ልጅ በቀኑ መካከል ከታመመ የሚቆይበት ለብቻ የሆነ ቦታ ይኑር፤ የራሱ ሞግዚት አብራው ትቆይ እንጂ ለማያውቀው ሰው አይሰጥ። ወላጁ ተጠርቶ ይወስደዋል፣ በኮቪድ-19 የስልክ መስመር 8335 ተደውሎ ምክር ይጠየቃል። መያዙ በምርመራ ከተረጋገጠ ያ ቡድን ለ14 ቀን ይዘጋል፤ በሁለት ቡድን ከተገኘ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። የምታጠባ እናት በበሽታው ብትያዝ ማጥባቷን እንድታቆም እንደማይመከርም በወላጆች ማስታወቂያ ላይ ይካተት።

ስለ መስኮቱ ለሞግዚቶቹ በደስታ አስረዳለሁ። ኅዳር 12 ሲደርስም ቆሻሻና ያገለገለ ጭምብል በማቆያ አጠገብ እንዳይቃጠል አደራ እላለሁ። ማቃጠሉ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው፤ ጢሱ ግን የሕፃን ሳንባ ይጎዳል፣ ያናፈስነውንም ክፍል ያስዘጋናል።

ሰብሳቢ፣ ጥቅምት 18

የተስማማንበትን በማጠናቀር ዋናውን አንቀጽ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ፦

«እያንዳንዱ ማቆያ ልጆችን በቋሚ ቡድኖች ይከፍላል፤ በአንድ ቡድን ከአምስት የበለጡ፣ ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑ ደግሞ ከሦስት የበለጡ ልጆች አይኖሩም። እያንዳንዱ ቡድን በየዕለቱ ያው ሞግዚት፣ ያው ክፍል፣ የራሱ የሚታጠብ መጫወቻና የራሱ የመግቢያ ሰዓት ይኖረዋል። ሞግዚት በሥራ ላይ ጭምብል ታደርጋለች። የበሽታው ምልክት የታየባት ወይም ራሷን ለይታ እንድትቆይ የተነገራት ሞግዚት ሙሉ ደመወዟን እያገኘች ትቆያለች፤ ጊዜውም ከዓመት ፈቃዷ አይቀነስም። በሕመም የቀረ ልጅ ክፍያ ለሚቀጥለው ወር ይታሰባል።»

መርጨት የሚለው ወጥቷል፤ የውኃው፣ የአየሩ፣ የተተኪው፣ የክትባቱና የቡድን መዝጊያው ድንጋጌዎች በዝርዝር ይከተሉታል፤ መግቢያው የወላጆችን ተወካይ ሐሳብ ይዟል። ኮቪድ-19ን ለመከላከል በዚህ ዓመት ከወጣው መመሪያ ቁጥር 30 ጋር የሚጋጭ ቃል እንዳይኖር የቦሌው አባላችን እስከ ጥቅምት 22 ያመሳክሩልናል። ገንዘብ ያዡ የመጠባበቂያ ሣጥኑን የመዋጮ መጠን በሁለት አማራጭ እስከዚያው ቀን ያቅርቡ፤ ክርክር የቀረው በእሱ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥቅምት 24 ድምፅ እንሰጥበታለን። የኮልፌዋ ኃላፊ ሮቶ የሌላቸውን አባል ማቆያዎች መዝግበው ይላኩልኝ፤ ከጥያቄያችን ጋር አባሪ አደርገዋለሁ።