ራእይ ነው ወይስ ትኩሳት?

ተጠራጣሪ፦ ለክርክር ላቅርብ። እንግሊዛዊቷ ባለራእይ፣ የኖርዊቿ ጁሊያን፣ በ1373 እ.ኤ.አ.፣ በ30 ዓመቷ፣ ታማ ለሞት ደረሰች። ቄሱ መስቀል ፊቷ ላይ ያዘላት። የተሰቀለው ጌታ ሲደማ አየች፤ 16 ራእይ ተከታተለ። ኋላ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር በተያያዘች ክፍል ተዘግታ ኖረች። ታዲያ «ይህ ቦታ እስር ቤት ነው» ብላ ስትጽፍ፣ የታመመና የተዘጋበት ሰው ንግግር አይደለም? ለምን ሥነ መለኮት እናደርገዋለን?

የሌሊት ተረኛ፦ ነርስ ነኝ። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ቅዠት ይበታተናል፤ ሲነቁ ግማሹ ይጠፋል። እሷ ግን መጀመሪያ ራእዮቿን በአጭሩ ጻፈች፤ ከዚያ 20 ዓመት ገደማ አሰላስላ አስፍታ ጻፈችው። የምን ትኩሳት ነው እንዲህ የሚቆይ?

ተጠራጣሪ፦ እሺ እህቴ፣ ግን ብዙ ማሰላሰል ቅዠትን ራእይ አያደርገውም።

ታሪክ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ እሷው ቀድማሃለች። በሕመሟ ጊዜ አንድ መነኩሴ እንዴት ነሽ ቢላት፣ ዛሬ ስቃዥ ዋልኩ አለችው። ከት ብሎ ሳቀ። መስቀሉ ሲደማ አየሁ ስትለው ግን ሳቁ ጠፋ። ያኔ በራሷ አፈረች። ምርመራውን ራሷ ሰጥታ ራሷ ሻረችው። ደግሞም ያ ሕመም ሳይደርስባት በፊት፣ በልጅነቷ፣ በ30 ዓመቴ ለሞት የሚያደርስ በሽታ ስጠኝ ብላ ጸልያ ነበር። ትርጉሙ ከበሽታው በፊት ነበረ ማለት ነው።

የእስር ቤቱንም ቃል ከመሃል አትቁረጠው። «እስር ቤት ነው» ብላ በጻፈችበት በዚያው ዓረፍተ ነገር፣ መድኃኒቱ ስላለ ደስ ይበለን ትላለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ሥጋ በቆዳ፣ ልብ በደረት እንደተከበበ እኛም በእግዚአብሔር ቸርነት ተከበናል ትላለች። ልብ ደረት ውስጥ ታሰረ ይባላል እንዴ?

የራይን ማዶ፦ የቢንገኗ ሂልደጋርድስ፣ ያቺ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊት ባለራእይ መነኩሲት? መነኮሳይያቶቿን ይዛ ወደ ሩፐርትስበርግ ሄዳ የራሷን ገዳም እንዳትገድም አበምኔቱ ሲከለክላት አልጋ ላይ ወደቀች። ሊያነሳት ቢሞክር እንደ ድንጋይ ከበደችው። ፈቀደላት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊው ቻርለስ ሲንገር ራእዮቿን በማይግሬን፣ ማለትም በከባድ የራስ ምታት ሕመም፣ አብራራቸው። ይሁን። ማይግሬን ገዳም ሲገድም ግን አላየሁም።

ተጠራጣሪ፦ ሃሃ። ታዲያ በሽታው ፖለቲካ ነበር? ይሄማ ከኔ ሐሳብ ይብሳል።

የራይን ማዶ፦ ሴት ስለ እምነት በአደባባይ እንዳታስተምር በተከለከለችበት ዘመን፣ ከአልጋ ሌላ ምን መድረክ ነበራት?