ክርክር፦ በድሬ የሰፈር ፑል ውድድር ለአንድ ምት 30 ሰከንድ ይገደብ ወይስ አይገደብ?

ከዚራ፦ ላልሰማችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈር ውድድሮቻችን እየተንዛዙ ግማሹ ሰው ፍጻሜውን ሳያይ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምት 30 ሰከንድ ይሰጥ፣ ያሳለፈ ፋውል ይሁንበት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ይገደብ ባይ ነኝ። ሞስኮኒ ካፕ በሚባለው የፑል ውድድር ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ምርጦች የሚጫወቱት በ30 ሰከንድ ነው፤ በየራኩ (በየአንዱ ዙር ጨዋታ) አንዴ ብቻ ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቃሉ። ሩቲኑ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ምት በፊት የሚደጋግመው ቅደም ተከተል፣ የጸና ሰው ከ30 ሰከንድ ይተርፈዋል። ሰዓቱን የሚበላው ምቱ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሐሳብ መቀያየር ነው።

ሳቢያን፦ አቦ ተው እንጂ! እነዚያ እኮ ሩቲኑ ከተዋሐዳቸው በኋላ ነው ሰዓት የሚቆጠርባቸው። እኛ ጋ የሚሰለፈው ልጅ ስቲኩን (መምቻ ዱላውን) አንዱን ምት ሁለቴ፣ ሌላውን ስምንቴ እያመላለሰ ነው የሚመታው። ሰዓት ስትጭንበት መጀመሪያ የሚጥላት ከምቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻ እይታ ነው። ዊሊያምስ፣ ሲንገርና ፍሬሊክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት የቢሊያርድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ጎበዞቹ ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኢላማው ላይ ረዘም አድርገው ያሳርፋሉ፤ ሰዓት ሲያጥር ግን የጎበዙም የጀማሪውም እይታ ያጥራል፣ ምቱም ይበላሻል።

ስህተቱ ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር ልንገርህ። የፑል ኳስ ከዳር እስከ ዳር 57 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ቀጥ ባለ ምት ነጯ (በስቲክ የምንመታት ኳስ) 2 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ስታ ኢላማዋን ኳስ ብትመታት፣ ኢላማዋ 2 ዲግሪ ያህል ትጣመማለች። ቀዳዳው አንድ ሜትር ከራቀ 3 ሴንቲሜትር ተኩል ስታ ትደርሳለች። አፉ 11 ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ ቀዳዳ ደግሞ በግራም በቀኝም የሚተርፍላት 3 ሴንቲሜትር አይሞላም። ሁለት ሚሊሜትር! ይህን ነው በጥድፊያ ይመታ የምትለኝ?

ከዚራ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው። ያቺን 2 ሚሊሜትር የሚያመጣት ጥድፊያ ብቻ አይደለም። ልጁ ከወረደ፣ ማለትም ለመምታት ጎንበስ ካለ በኋላ "ትንሽ ወደ ግራ" ይላል። እግሩ ተተክሏል፣ ስለዚህ የሚያስተካክለው በክርኑ ነው። ክርኑ ከመስመር ሲወጣ ስቲኩ ተጣሞ ይመታል። 3 ደቂቃ ብትሰጠው ያንኑ ያደርጋል፣ እንዲያውም ይብስበታል።

ደቻቱ፦ ልጆች፣ ሁለት ሥራ ቀላቅላችሁ ነው የምትከራከሩት። ማሰብ ሌላ፣ መምታት ሌላ። ማሰቡ ቆሞ ማለቅ አለበት፦ የትኛዋ ኳስ፣ የትኛው ቀዳዳ፣ በምን ያህል ኃይል፣ ነጯስ ለቀጣዩ ምት የት ትቁም። የስቲኩን ጫፍ ቾክ መቀባትም እዚሁ ነው። በድሬ ሙቀት እጅ ስለሚያልብ ስቲኩ ጣት ላይ አልንሸራተት ይላል፤ ስለዚህ እጅንም ስቲክንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የሩቲኑ አካል ነው፣ በየምቱ። ስቲኩ ሲይዘው ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ወርዶ ማመላለስ ከጀመረ በኋላ ያቋርጣል።

ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ መስመሩን ያያል። በቀኝ የሚመታ ከሆነ ቀኝ እግሩን መስመሩ ላይ ይተክላል፣ ግራውን ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ጎን ያወጣል። ዓይኑን ከኢላማው ሳይነቅል ይወርዳል፤ ሲወርድ እጁን ካየ ሰውነቱ ከመስመሩ ይወጣል። ስቲኩ የሚያርፍበት እጅ ከነጯ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፣ ጫፉን ነጯ አጠገብ አድርሶ ቆም ይላል፤ የት ላይ እንደሚመታት የሚያረጋግጠው እዚህ ነው። ከነካት ግን ፋውል ነው፣ ስለዚህ ጫፉ ለአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይራቅ። ዓይን ወደ ኢላማዋ ኳስ፣ ስቲኩ በዝግታ ወደ ኋላ፣ ምት። ኳሷ እስክትገባ ራሱን ቀና አያደርግም። ከወረደ በኋላ ይህ ሁሉ 10 ሰከንድ አይፈጅም። ማመላለሱ ሦስት ይሁን አራት ግድ የለኝም፤ ለቀላሏ ኳስም ጨዋታውን ለምትዘጋው ጥቁር 8ም እኩል ይሁን።

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ይሁን፤ ለማሰብ 20 ሰከንድ ይቀራል። ከብሬክ (ከመክፈቻው ምት) በኋላ ግን ሙሉ ቀለሞቹን ኳሶች ልያዝ ወይስ ባለ መስመሮቹን የሚለው በ20 ሰከንድ አይወሰንም። ከዚያ የሚከፋ ደግሞ አለ። ወርዶ መስመሩ ያልመሰለው ልጅ ተነሥቶ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት አይደል? ሰዓት እየተቆጠረ ማን ይነሣል? እያወቀ ጠማማውን ይመታል።

መጋላ፦ ይሄኛው መልስ ያስፈልገዋል። መነሣትን የሚያስፈራ ሕግ ሩቲን ያጠፋል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከብሬክ ቀጥሎ ላለው ምት 60 ሰከንድ፣ ለሌላው 30፣ በየጨዋታው አንድ ጊዜ ተጨማሪ 30። ያቺ ተጨማሪ በዋናነት ለመነሣት ናት። ቆጠራው የሚጀምረው ኳሶቹ በሙሉ ከቆሙ በኋላ ነው። 10 ሰከንድ ሲቀር ዳኛው አንዴ "አሥር" ይበል፣ ከዚያ ዝም፤ በየሰከንዱ መጥራት ሰውን ያስደነግጣል። ፑል ቤቶቻችን ደግሞ ጠባብ ናቸው። ከኋላ ሰው ሲያልፍ ወይ ስቲኩ ግድግዳ ሲነካ ሰዓቱ ይቁም።

ከዚራ፦ 60ውንም ተጨማሪውንም እቀበላለሁ። ፋውሉ ግን ይኑር፤ ቅጣት የሌለው ሰዓት ማንም አይሰማውም።

ሳቢያን፦ ፋውል ማለት ነጯን ለተጋጣሚ በእጅ መስጠት ነው፣ በእኛ ደረጃ ደግሞ ጨዋታውን መስጠት ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው ፋውል ይሁን። ለጀማሪዎች ደግሞ 45 ሰከንድ። ከዚህ በታች አልወርድም።

ደቻቱ፦ ቁጥሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ልምምድ ላይ ሁለት ሰዓት ለዩና ያዙ፦ ኳሶቹ ከቆሙበት እስከሚወርድ አንድ፣ ከወረደ እስከሚመታ ሌላ። ሁለተኛው ከምት ምት በሦስትና በአራት ሰከንድ የሚዋዥቅበት ልጅ 30ም ቢባል 45ም ቢባል አይጠቅመውም፤ እሱን መጀመሪያ ማመላለሱን እኩል አስደርጉት። የመጀመሪያው የረዘመበትን ደግሞ ከመውረዱ በፊት ቀዳዳውንና ነጯ የምትቆምበትን ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርጉት።