ጣና ዳር የሚከርመውን ዳክዬ የት ሆኜ ልየው?

ሰላም የወፍ ወዳጆች። የምኖረው ጎንደር ነው። የእረፍት ቀኔን ጎርጎራ ወርጄ ጣና ዳር ወፍ ሳይ እውላለሁ። ዘንድሮ ልቤን የሰቀለው ፌሩጂነስ ዳክ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ዳክዬ ነው።

ያለኝ መሣሪያ 8 እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ (8 በ42) ባይኖኩላር ብቻ ነው። ከዳር ቆሜ ስፈልግ ደንገሉና እምቦጩ ይጋርደኛል። በታንኳ ስጠጋ ደግሞ መንጋው ገና ከሩቅ ብድግ ይላል። ታንኳውን ትቼዋለሁ፤ ረጅም መንገድ በርሮ የመጣ ወፍ ማስጨነቅ ደግ አይደለም።

ጥቁር ቡናማ ዳክዬዎች ከርቀት አይቻለሁ። ችግሩ፣ እዚሁ አፍሪካ የሚኖረው ሳውዘርን ፖቻርድ የሚባለው ዳክዬም ከሩቅ ያው ነው የሚመስለው። ወንዱ ፌሩጂነስ ዓይኑ ነጭ ነው፤ የወንዱ ፖቻርድ ቀይ። ፌሩጂነስ ከጅራቱ ሥር ደማቅ ነጭ ላባ አለው፤ ፖቻርድ ግን የለውም። ይህን ለመለየት ግድ ቀረብ ማለት ያስፈልጋል።

አካባቢውን የምታውቁ፣ ከጎርጎራ እስከ መገጭ ወንዝ መግቢያ ባለው ዳርቻ፣ እምቦጭ ያልሸፈነው ውኃ ከመሬት ሆኖ በቅርብ የሚታይበት ቦታ የትኛው ነው?