አማካሪው ራሱ ያለፈበት ጉዳይ ፊቱ ሲቀመጥስ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የካውንስሊንግ ተማሪ ነኝ፤ ሰሞኑን ልምምድ ጀምሬያለሁ። አባቴ ጠጪ ነበር። ማታ ኮቴውን ሰምቼ ዛሬ ጠጥቷል፣ አልጠጣም ብዬ እለይ ነበር። ወደዚህ ሙያ የሳበኝም ይሄው ይመስለኛል። አሁን ግን መጠጥ ያስቸገረው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ሆዴን ቁርጥ ያደርገኛል። እሱ እያወራ እኔ የማስበው ስለ ልጆቹ ነው። ታሪኬ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይስ ከእንዲህ ዓይነት ደንበኞች ልራቅ? ብነግረውስ?

ቀጥተኛው፦
የደረሰበት ያውቀዋል! ያላለፈበት አማካሪ የሚያወራው ከመጽሐፍ ነው። ንገሪው፣ ይቀለዋል። መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በ1935 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በዚሁ ሐሳብ አይደል?

ሰሚ ጆሮ፦
ቀጥተኛው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቃወምህ። እዚያ ሁሉም ተራ በተራ ስለ ራሱ ያወራል። በእኛ ሥራ ግን ሰዓቱ የአንድ ሰው ነው።

እኔ እናቴን ለዓመታት አስታምሜ ነው የቀበርኳት። ከዚያ በኋላ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ቆይቶ አንዲት ሴት መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። እሷም አስታማሚ ነበረች። አንገቷን ደፍታ "ስትሞት እፎይ አልኩ" አለችና፣ እቆጣት እንደሆነ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እኮ እፎይታ የሚባል አልነካኝም። "አውቀዋለሁ፣ እኔም ደርሶብኛል" የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ብለው ኖሮ የራሴን ሐዘን አሸክሜ እሰዳት ነበር። "እፎይታው ምን ይመስል ነበር?" አልኳት። "ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ" አለች። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ታዲያ ያሳለፍኩት ምን ጠቀመኝ? ማስታመም ሰውን ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ አልደነገጥኩም፤ ላጽናናትም አልቸኮልኩም። የእሷን መልስ ግን ከእኔ ታሪክ ውስጥ አላገኘውም ነበር።

ጀማሪዋ፣ ያ ቁርጠት ስም አለው፤ ካውንተርትራንስፈረንስ ይባላል፤ ደንበኛው በአማካሪው ውስጥ የሚቀሰቅሰው ስሜት ማለት ነው። የሳይኮአናሊሲስ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) መሥራቹ ፍሮይድ በ1910 እ.ኤ.አ. ሲያነሳው ሐኪሙ ሊያሸንፈው የሚገባ ነገር ነው ብሎ ነበር። በዚያው ሙያ የነበረችው ፓውላ ሃይማን በ1950 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠችው፤ የሐኪሙ ስሜት ስለ ታካሚው የሚጠቁመው ነገር አለ አለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ቁርጠቱ አንዳንዴ ስለ ደንበኛሽ ይናገራል፣ አንዳንዴ ስለ አባትሽ። ብቻሽን አትለዪውም። ሱፐርቪዥን የሚባለው፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራሽን አብሮሽ የሚያይበት፣ ለዚህ ነውና ሳትደብቂ ይዘሽው ሂጂ።

ማርሻ ሊነሃንን እዪ። ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የሚሆን ሕክምና የቀረጸች ናት። በወጣትነቷ እሷም በዚሁ ችግር ሆስፒታል መተኛቷን በአደባባይ የተናገረችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምናው ግን ቀድሞ በ1991 እ.ኤ.አ. በጥናት ተፈትኖ ወጥቷል። ሕመሟ መንገድ አስጀመራት እንጂ ለማስረጃነት አላቀረበችውም።

ደንበኛ ነኝ፦
ከዚህኛው ወንበር ላይ ሆኜ ልናገር። ስለ ፍቺዬ ሳወራ አማካሪዬ "እኔም ፈትቻለሁ" አለኝ። ከዚያ እሱ ሲያወራ እኔ ሳጽናናው ሰዓቱ አለቀ። ከፍዬ እኮ ነው! በኋላ ያገኘኋት ሴት "ይሄ ለእኔም ቅርብ ነው" አለችና ወዲያው ወደ ጉዳዬ ተመለሰች። ምን እንደደረሰባት እስካሁን አላውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም።

ጀማሪዋ፦
ተባረኩ። ሱፐርቫይዘሬን አናግራለሁ። ግን እዚያው ተቀምጬ ሆዴን ሲቆርጠኝስ?

ሰሚ ጆሮ፦
እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ፣ አንዴ ተንፍሺ። ከዚያ መልሱን የማታውቂውን ጥያቄ ጠይቂው። "ልጆችህ ምን ይሰማቸዋል?" አትበዪው፤ የእሱን መልስ አንቺ ልትሞዪው ትችያለሽ። "ዛሬ ለመምጣት ምን አስወሰነህ?" በዪው። ቁርጠቱ ሳምንት አልፎም ካልለቀቀሽ፣ ወይም ሰውየውን መጥላት ከጀመርሽ፣ ለጊዜው ወደ ሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ ነውር የለበትም።